ያረጀ የብረት ብስክሌት ፍሬም የተጠየቀበትን ዋጋ ያወጣል ወይ?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳዩ ፔዦ ፋብሪካ ካወጣቸው ብስክሌቶች መካከል ፒ ኤክስ 10 እና ዩ ኦ 8 የሚባሉት ሁለቱ ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ሁለቱም ወደ ታች የታጠፈ መሪና ዐሥር ማርሽ ያላቸው፣ የአንድ ፋብሪካ ምልክት የተለጠፈባቸው ናቸው፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሬይኖልድስ 531 ከተባለው የእንግሊዝ ቅይጥ ብረት የተሠራና ሙሉ ብስክሌቱ ዐሥር ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ ሁለተኛው በተራ የካርቦን ብረት ቱቦ የተሠራ በመሆኑ ሦስት ኪሎ ያህል ይበልጠዋል። ልዩነቱን የማያውቅ፣ ወይም እያወቀ ዝም ያለ ሻጭ ለሁለቱም ተቀራራቢ ዋጋ ሊጠራ ይችላል። የገዢው ሥራ ዋጋውን የሚያጸድቁትን ነገሮች ራሱ ፈልጎ ማግኘት ነው፤ እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ቀለምና ስቲከር በማይደርሱባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በኮርቻው ቱቦ ውስጥ፣ በኋላ ጎማው ዘንግ መቀመጫ ላይ፣ በፔዳሉ ቤት (የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት አጭር ቱቦ) ሥርና በሹካው አንገት (በመሪው ቱቦ ውስጥ በሚያልፈው ክፍሉ) ውስጥ ነው።

ፍሬሙ ብረት መሆኑም ሆነ አርጅቶ መቆየቱ ለብቻው ዋጋ አይጨምርለትም። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ ሰው ለዕለት ሥራው የሚገለገልባቸው ከባድ ብስክሌቶችም ከብረት የተሠሩ ናቸው። ብረት ሁሉ ክብደት ሲያርፍበት ለመተጣጠፍ ያለው ባሕርይ ተቀራራቢ ነው፤ ርካሹን ከውዱ የሚለየው ሳይሰበርና ሳይጎብጥ ምን ያህል ኃይል ይችላል የሚለው ነው። ጠንካራ ቅይጥ በጣም ስስ ተደርጎ ሊሳብ ይችላል፤ ተራው ብረት ግን ጥንካሬውን የሚያገኘው በውፍረት፣ ስለዚህም በክብደት ነው። በ1897 በበርሚንግሃም አልፍሬድ ሬይኖልድስ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ይህን ዕድል ከፍ አደረገው። በዚህ ዘዴ የሚሠራ ቱቦ ከውጭ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ከውስጥ በኩል ግን ብየዳው የሚያርፍባቸው ጫፎች ወፈር ብለው መሃሉ የሳሳ ነው። ይኸው ኩባንያ በ1935 ያወጣው የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም ቅይጥ፣ 531፣ ከዚያ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት የውድድር ብስክሌት መለኪያ ሆኖ ቆየ። አንጄሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ በ1919 ሚላኖ ላይ የመሠረተው ኮሉምቡስ ደግሞ በክሮምና በሞሊብዲነም ቅይጥ የጣሊያን ሠሪዎችን ገበያ ያዘ። ኤስ ኤል የተባለው የኮሉምቡስ ቱቦ ግድግዳው ጫፉ ላይ 0.9፣ መሃሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለከባድ ሰውና ለረጅም ፍሬም የታሰበው ኤስ ፒ ደግሞ 1.0 እና 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። በእንዲህ ዓይነት ቱቦ የተሠራ መካከለኛ መጠን ያለው ፍሬም ያለ ሹካው ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በተራ ብረት የተሠራው ከዚህ በጉልህ ይበልጣል። ስለዚህ በእጅ ብድግ አድርጎ መመዘን የመጀመሪያው ፍተሻ መሆኑ ተገቢ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

ስቲከር ካለ እስከ መጨረሻው ቃል መነበብ አለበት። 531 የሚለውን ቁጥር አይቶ መደሰት የብዙ ገዢዎች ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ሬይኖልድስ የሚሰጠው ስቲከር እንደ ቱቦው አጠቃቀም ይለያይ ነበር። አንዱ ሁሉም ቱቦዎች፣ ሹካውና የኋላ እግሮቹ ጭምር 531 መሆናቸውንና መሃላቸው የሳሳ መሆኑን ይናገራል። ሌላው የሚናገረው ሦስቱ ዋና ቱቦዎች ብቻ 531 መሆናቸውን፣ እነርሱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ያላቸው መሆኑን ነው። ራሌይ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሠራው ሱፐር ኮርስ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለመንዳት መልካም ብስክሌት ቢሆንም፣ ሁለመናው 531 ከሆነው ከራሌይ ፕሮፌሽናል ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይገባውም። በዚያ ላይ የሁሉም ታዋቂ ሠሪዎች ስቲከር ዛሬ እንደ አዲስ ታትሞ በጥቂት ገንዘብ ይሸጣል። አዲስ ስቲከር መለጠፉ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ቀለም ያደሰ ሁሉ ያደርገዋል። ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ ግን መቀበል አያስፈልግም።

ከስቲከር የሚሻለው ምስክር ኮርቻውን ተሸክሞ በኮርቻው ቱቦ ውስጥ የሚገባው ምሰሶ ነው። ሻጩ ምሰሶውን እንዲያወጣው ይጠይቁ፤ ከታችኛው ጫፉ አጠገብ ብዙ ጊዜ ዲያሜትሩ በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ይገኛል፣ ከሌለም በካሊፐር ይለካል። በእንግሊዝና በጣሊያን ልክ የተሠራ የኮርቻ ቱቦ ከውጭ 28.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ግድግዳው በሳሳ ቁጥር የሚገባበት ምሰሶ ይወፍራል። 27.2 ሚሊ ሜትር ምሰሶ የሚቀበል ፍሬም ስስና ጥሩ ቱቦ እንዳለው መገመት ይቻላል፤ 27.0 የኮሉምቡስ ኤስ ፒ የተለመደ ልክ ነው፤ ወደ 26 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ቱቦው ወፍራምና ርካሽ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የፈረንሳይ ፍሬሞች የኮርቻ ቱቦ ከውጭ 28.0 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ምርጥ የተባለው ፒ ኤክስ 10 እንኳ የሚቀበለው ቀጠን ያለ ምሰሶ ነው። በመሆኑም ከውስጡ በፊት የውጭውን ልክ መያዝ ይገባል። ደግሞም የቀድሞው ባለቤት ልኩ ያልሆነ ቀጭን ምሰሶ አስገብቶ ብሎኑን በግድ አጥብቆት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሆነ ብሎኑ የሚያልፍባቸው ሁለት ጆሮዎች ወደ ውስጥ ተጣመው እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ይታያሉ።

ሹካውን ማውጣት ከተቻለ ሌላ አስተማማኝ ማረጋገጫ ይገኛል። የኮሉምቡስ ሹካ አንገት በታችኛው ጫፉ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞሩ አምስት ከፍ ከፍ ያሉ መስመሮች ይታዩበታል፤ ፍሬሙን ከሥር አዙሮ በስልክ መብራት ወደ ሹካው አንገት ቀዳዳ መመልከት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የኩባንያው የርግብ ምልክትም ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። አንዳንዶች ቱቦውን በጥፍር እየነኩ ድምፁ መሃሉ ላይ ሲቀየር ስስነቱን እናውቃለን ይላሉ፤ የሠለጠነ ጆሮ ያለው ሰው ይጠቅመው ይሆናል፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ማስረጃ ግን አይደለም።

ቀጥሎ የኋላ ጎማው ዘንግ የሚቀመጥባቸውን ሁለት ብረቶች መመልከት ነው። በርካሽ ፍሬም ላይ እነዚህ ከላሜራ የተቆረጡ ስስና ጠፍጣፋ ናቸው፣ የማርሽ መቀየሪያውም ለብቻው በብሎን በታሰረ ቁራጭ ብረት ላይ ይንጠለጠላል። በጥሩ ፍሬም ላይ ግን ግለው የተቀጠቀጡ ወፍራም ብረቶች ሲሆኑ የመቀየሪያው ማንጠልጠያ የራሳቸው አካል ነው፤ ብዙ ጊዜም የካምፓኞሎ፣ የሲምፕሌክስ፣ የሺማኖ ወይም የሳንቱር ስም ተቀርጾባቸው ይገኛል። ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1933 ቪቼንሳ ላይ የመሠረተው ድርጅት ስም እዚህ ቦታ ላይ መገኘቱ ዋጋን የሚያንር አንድ ምክንያት ነው፤ ይህንን ውድ ዕቃ ለተራ ቱቦ የሚያውል ሠሪ እምብዛም ስላልነበረ። በተጨማሪ ስም ከስቲከር በተለየ ሁኔታ ብረት ላይ ተቀርጾ ሲገኝ ለመቀየር አስቸጋሪ ነው።

የቱቦዎቹ መጋጠሚያዎች የሠሪውን እጅ ያሳያሉ። በጥሩ ሥራ ላይ ቱቦዎቹ የሚገቡበት መጋጠሚያ ጠርዙ በሞረድ ተሞርዶ ስለት እስኪመስል ይሳሳል፤ ጫፎቹ ግራና ቀኝ እኩል ናቸው፤ ለመበየጃ የቀለጠው ነሐስ ወይም የብር ማዕድን በጠርዙ ዙሪያ ሳይቋረጥ ሞልቶ፣ ወደ ውጭ ግን ሳይፈስ ይታያል። ቀዳዳ፣ የነሐስ ጉብታ ወይም የሞረድ ጭረት ከታየ ሥራው የተቸኮለበት ነው። ጌጥ ግን ሊያታልል ይችላል፤ ኔርቬክስ በሚል የፈረንሳይ ምልክት ይቀርቡ የነበሩት የተጠማዘዙ መጋጠሚያዎች ከፋብሪካ ተዘጋጅተው ይመጡ ስለነበር ውበታቸው ብቻውን ስለ ሠሪው ጥንቃቄ ብዙ አይናገርም።

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ፍሬሙ ሲሠራ ምን እንደነበረ ይገልጻል። ዋጋውን ወደ መሬት የሚያወርደው ከዚያ በኋላ የደረሰበት ነገር ስለሆነ ፍተሻው ረዘም ያለ ጊዜ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፣ በጥሩ ብርሃንም መደረግ አለበት። በመጀመሪያ ጣትዎን በታችኛው ሰያፍ ቱቦ ሥር፣ ከመሪው ቱቦ ጀርባ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ቀስ አድርገው ያሂዱ። ብስክሌቱ ከፊት ለፊት ከመኪና ወይም ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ከነበረ ቱቦው ወፍራሙ ጫፍ አልቆ ስሱ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ትንሽ ሽብሽብ ይላል፤ ዓይን ሳያየው ጣት ያገኘዋል። የላይኛው ቱቦም በዚሁ አቅጣጫ ይፈተሻል። እዚያ ቦታ ላይ ቀለሙ በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ ከታየ፣ ወይም ሌላው ቀለም አሮጌ ሆኖ ያ ቦታ ብቻ ከታደሰ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ሹካው ደግሞ ከጎን ሲታይ የላይኛው ግማሹ ከመሪው ቱቦ ጋር በአንድ ቀጥተኛ መስመር መውረድ አለበት፤ ወደ ኋላ የገባ ሹካ የግጭት ምስክር ነው። ሹካው ቀጥ ያለ ሆኖ ከፍሬሙ ቀለም ጋር የማይሄድ ከሆነም ያው ጥርጣሬ ይነሣል፤ የመጀመሪያው ሹካ የት ሄደ የሚል።

ፍሬሙ ቀጥ ማለቱን ለመለካት ሲባጎ ይበቃል። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ከኋላው የዘንግ መቀመጫ በአንዱ ላይ አስረው፣ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረው በሌላው መቀመጫ ላይ ወጥረው ያስሩታል፤ ከዚያም በሁለቱም በኩል ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት ይለካል። ልዩነቱ ከአንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ከበለጠ የሠለጠነ ባለሙያ ሊያቃናው ይችላል፤ የብረት ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፣ የባለሙያው ክፍያ ግን ከተጠየቀው ዋጋ ላይ መቀነስ ይኖርበታል። በዚያውም በሁለቱ የዘንግ መቀመጫዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ባለ አምስት ደረጃ ለሆነ የኋላ ማርሽ የተሠሩት 120፣ ለባለ ስድስትና ለባለ ሰባት የተሠሩት 126 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ፍሬኑ የጎማውን ቸርኬ ጠርዝ የሚይዝበት ከዚያ ወዲህ የመጣ የውድድር ጎማ ደግሞ 130 ይፈልጋል። አብዛኛው ብረት ያለ እሳት በጥንቃቄ ሊከፈት ይችላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጣው ሬይኖልድስ 753 ግን በሙቀት የጠነከረና በጣም ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ማቃናት አይወድም፤ ኩባንያው ራሱ የሙከራ ብየዳ አስልኮ ሳይፈትን ለማንም ሠሪ አይሸጠውም ነበር። ስለዚህ 753 ፍሬም የሚገዛ ሰው እንደ ተሠራ ሊጠቀምበት ይግዛው።

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ቀለሙ በተላጠበት የሚታይ ቡናማ ዱቄት የላይ ብቻ ነው፣ ሊጠረግ ይችላል። የሚያሳስበው ውስጥ ለውስጥ ያለው ነው፤ ውሃ በኮርቻው ምሰሶ በኩል ወርዶ የሚጠራቀመው በፔዳሉ ቤት ውስጥ በመሆኑ እዚያው መብራት አስገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ቀለሙ እንደ እባብ መንገድ በቀጫጭን መስመሮች ካበጠ፣ ወይም የክሮሙ ሽፋን ፊኛ ፊኛ ሆኖ ከተነሣ ዝገቱ ሥር ሰዷል። ክሮም እንደገና ማስደረግ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ውድ ሥራ ስለሆነ፣ ክሮሙ የተበላሸ የጣሊያን ፍሬም በቀለም ብቻ ከተሠራው ይልቅ ወጪው ይበዛል። ስንጥቅ የሚፈለገው ደግሞ በኮርቻው ብሎን ዙሪያ፣ የኋላ ቱቦዎቹ ከዘንግ መቀመጫው ጋር በሚገናኙበትና የኮርቻው ቱቦ ከፔዳሉ ቤት ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በቸልታ የሚታለፈው የተጣበቀ ምሰሶ ነው። የአሉሚኒየም ምሰሶ በብረት ቱቦ ውስጥ ያለ ግራሶ ለዓመታት ሲቀመጥ፣ ርጥበትና በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ሲጨመርበት ሁለቱ ብረቶች ተበላልተው እንደ ብየዳ ይያያዛሉ። አንዳንዱ በዘይትና በትዕግሥት ይወጣል፤ አንዳንዱ ተቆርጦ ከውስጥ በመጋዝ ካልተሰነጠቀ አይወጣም፣ ቱቦውም በዚያው ሊጎዳ ይችላል። የመሪው አንገትም እንዲሁ ይጣበቃል። ሻጩ «ትንሽ ጠበቅ ብሏል፣ ዘይት ቢጠጣ ይወጣል» ካለ እርሱ ራሱ አውጥቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ያስኬዳል፤ ካልሆነ ዋጋው የሚታሰበው ፈጽሞ እንደማይወጣ ተቆጥሮ ነው።

የፔዳሉ ዘንግ ኩሽኔታ የሚታሰርበት የፔዳሉ ቤት የብሎን ጥርስ ዓይነት ብዙ ገዢ የማይጠይቀው፣ በኋላ ግን ኪስ የሚጎዳ ጉዳይ ነው። የእንግሊዙ ልክ ቤቱ 68 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በካቴናው በኩል ያለው ጥርስ ግራ ዞር ነው፤ ምትክ ዕቃ በየሱቁ ይገኝለታል። የጣሊያኑ 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሁለቱም ጎን ቀኝ ዞር ነው፤ ይኸም ይገኛል። የፈረንሳዩ 35 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና አንድ ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት ያለው፣ በሁለቱም ጎን ቀኝ ዞር የሆነ ልክ ነው፤ ዕቃው በቀላሉ አይገኝም፣ የተገኘውም ይወደዳል። ራሌይም በኖቲንግሃም በሚሠራቸው ርካሽ ዓይነቶች ላይ ለብቻው 26 ጥርስ በኢንች ይጠቀም ነበር። በዕቃው እጥረት ምክንያት ሁሉም ነገር እኩል ሆኖ ሳለ የፈረንሳይ ፍሬም ከጣሊያኑ ረከስ ይላል። ዋናው ኩሽኔታና ዘንግ አብሮት ካለና ጤነኛ ከሆነ ግን፣ በእኔ ግምት፣ በገንዘቡ ልክ ጥሩ ዕቃ የሚገኘው እዚሁ ነው። ስማቸው እንደ ጣሊያኖቹ ያልገነነው ታንጌና ኢሺዋታ በተባሉት የጃፓን ቱቦዎች የተሠሩ የ1980ዎቹ ፍሬሞችም እንዲሁ ናቸው፤ መጋጠሚያቸው ንጹሕ፣ ልካቸውም የእንግሊዙ ሆኖ ሳለ ለመሰብሰብ ሳይሆን ለመንዳት ለሚገዛ ሰው በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛሉ።

የስም ዋጋ ከብረቱ ዋጋ ተለይቶ መታሰብ አለበት። ኮልናጎ፣ ዴ ሮዛ፣ ማዚ እና ቺኔሊ የተባሉት የጣሊያን ሠሪዎች ከሌላው ሠሪ ጋር አንድ ዓይነት የኮሉምቡስ ቱቦ እየተጠቀሙ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ የሚያወጡት በታሪካቸው ነው። ቤልጂጋዊው ተወዳዳሪ ኤዲ ሜርክስ በ1972 ሜክሲኮ ከተማ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳበትን ብስክሌት የሠራው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነበር፤ ፋሊዬሮ ማዚም በሚላኖው የቪጎሬሊ የብስክሌት መወዳደሪያ ሥር ባለ ወርክሾፑ ለዘመኑ ሻምፒዮኖች ይሠራ ነበር። ከ1997 ጀምሮ በቶስካና፣ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ የሚካሄደው ሌሮይካ የተባለ የጠጠር መንገድ ጉዞም ፍላጎቱን ከፍ አድርጎታል። ደንቡ ብስክሌቱ ከ1987 ወዲህ ያልተሠራ፣ የማርሽ መቀየሪያው እጀታ በታችኛው ሰያፍ ቱቦ ላይ ያለ፣ የፍሬኑ ገመድም ከመሪው ውጭ የሚያልፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የዓመቱ ጉዳይ በቀጥታ ገንዘብ ነው። ዓመቱን ለማረጋገጥ በፔዳሉ ቤት ሥር ወይም በኮርቻው መጋጠሚያ አጠገብ የተመታውን ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ከሠሪው የቁጥር ሥርዓት ጋር ማስተያየት ይገባል። ለምሳሌ በእንግሊዝ ኢልክስተን የነበረው የራሌይ ልዩ ክፍል ከ1974 ጀምሮ ለሠራቸው ፍሬሞች ኤስ ቢ በሚሉ ፊደሎች የሚጀምር ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ ያለዚህ ቁጥር የቀረበ የውድድር ቡድኑን ቀለም የተቀባ ራሌይ የፋብሪካው ተራ ምርት ሊሆን ይችላል። የተበየዱ ትናንሽ ነገሮችም ዕድሜ ይናገራሉ፤ የ1960ዎቹ ነው የተባለ የውድድር ፍሬም ለሁለት የውሃ ጠርሙስ መያዣዎች የሚሆኑ የብሎን ቀዳዳዎች ካሉት፣ ወይ ዓመቱ ትክክል አይደለም፣ ወይ በኋላ ተጨምረውበታል። ሌላው የቁጥሩ ጥቅም ፍሬሙ የተሰረቀ መሆን አለመሆኑን በየአገሩ ባሉ መዝገቦች ማጣራት መቻሉ ነው።

ቀለምን በተመለከተ፣ የተጫጫረም ቢሆን ፋብሪካው የቀባው ከታደሰው ይመረጣል። የታደሰ ቀለም ያማረ ቢሆንም ሽብሽቡን፣ የተሞላ ስርጉዱንና የተበየደውን ስንጥቅ ሊሸፍን ስለሚችል፣ ሻጩ ከመቀባቱ በፊት የተነሣ ፎቶ ከሌለው ለቀለሙ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም። የፍሬሙ ቁመትም ዋጋ ያንቀሳቅሳል፤ ከ54 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር ያለው ቶሎ ይሸጣል፣ በጣም አጭርና በጣም ረጅም የሆነው ገዢ ሲጠብቅ ይረክሳል። ጣሊያኖች ከመሃል እስከ መሃል፣ እንግሊዞች ብዙውን ጊዜ ከመሃል እስከ ጫፍ ስለሚለኩ ሻጩ የነገረውን ቁጥር ከመቀበል በፊት እንዴት እንደለካው ይጠየቅ።

ገበያውን ለማወቅ ሰዎች የጠየቁትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ማየት ያስፈልጋል፤ እንደ ኢቤይ ያሉ ገበያዎች የተጠናቀቁ ሽያጮችን ለይተው ያሳያሉ። አንድ ዓይነት ፍሬም ለወራት በተመሳሳይ ዋጋ ሳይሸጥ ከቆየ ያ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። ሙሉ ብስክሌት ሲቀርብም ዕቃዎቹ ተነጥለው ይታሰቡ፤ የካምፓኞሎ ኑዎቮ ሬኮርድ ወይም ሱፐር ሬኮርድ ሙሉ ስብስብ ብዙ ጊዜ ከተሸከመው ፍሬም በላይ ያወጣል፣ ነጋዴዎችም ዕቃውን ፈትተው ባዶውን ፍሬም ለብቻው የሚሸጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከተገኘው የገበያ ዋጋ ላይ የማቃኛው፣ የቀለሙ፣ የጎደለው ኩሽኔታና የተጣበቀው ምሰሶ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው መስጠት የሚቻለው ዋጋ ነው።

ግዢው ከሩቅ ከሆነ ደግሞ ሻጩ እነዚህን ፎቶዎች እንዲልክ ይጠይቁ፦ ከመሪው ቱቦ ጀርባ የሁለቱን ቱቦዎች ሥር በቅርበት፣ ሁለቱን የኋላ ዘንግ መቀመጫዎች ከውስጥና ከውጭ፣ የፔዳሉን ቤት ሥር ከነቁጥሩ፣ ፍሬሙን ሙሉ በሙሉ ከካቴናው በኩል ከጎን፣ ምሰሶውንም ወጥቶ በካሊፐር እየተለካ። የመጨረሻውን ፎቶ ለመላክ ምክንያት የሚያበዛ ሻጭ ካጋጠመ ምሰሶው ተጣብቋል ብሎ ዋጋ ማቅረብ፣ አለዚያም ሌላ ፍሬም መፈለግ ነው።